ሞተሪኖ ልቀይር ብዬ በርበሬ ፈጨሁ

ሞተሪኖዋ (ቁልፍ ሲጠመዘዝ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ) የማይሠራ መኪና ይዞ ባሕር ዳር መኖር ምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው አይገባውም። እናንተ ማታ ቁልቁለት ላይ ታቆማላችሁ፣ ጠዋት ፍሬን ትለቃላችሁ፣ በቃ። የኛ ከተማ ግን ምጣድ ናት። ዳገት ካልክ ያለችን ቤዛዊት ናት እሷም ላይ ቤተ መንግሥት ተሠርቶባታል፣ እኔ ደሞ የምኖረው ሽምብጥ ነው። ስለዚህ ከአባቴ የወረስኳትን ቮልስ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስነሱልኝ የሰፈር ልጆች ናቸው፣ አራት ሆነው ከኋላ ይገፋሉ፣ እኔ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ለቀቅ፣ ድርርርር፣ ሃምሳ ብር። በየቀኑ!!

ቁልፍ ስጠመዝዝ «ጠቅ» ትልና ዝም ነው። ዩቲዩብ አየሁና ሞተሪኖው ሞቷል ብዬ ራሴ ፈረድኩ። አዲስ አበባ ዕቃ ቤት ደወልኩ፣ ሰውየው «6 ቮልት ናት 12?» አለኝ፣ 12 አልኩ። «ቮላኖው (ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ባለ 109 ጥርስ ነው ባለ 130?» ኧረ ወንድሜ እኔ የሚስቴንም ጥርስ ቆጥሬ አላውቅ! ደግነቱ የኔ የ1968 ሞዴል ናት (በፈረንጅ)፣ ባለ 12 ቮልቷ 130 ነው ብሎ ገላገለኝ። የላከልኝ ኦሪጅናሉን ሳይሆን አዲስ ዓይነት ባለ ጊር ነው፣ መጠኑ ከድሮው ያነሰ፣ ውስጡ ያለው ሞተር በጣም ይፈጥንና ጥርሶቹ ፍጥነቱን ወደ ጉልበት ይቀይሩታል። ዋጋውን አልናገርም ሚስቴ ይሄን ልታነብ ትችላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ክሪክ ላይ አወጣኋት። እንዳትንሸራተት ብዬ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ተውኳት (ይቺን ያዙልኝ)። ከስር ገብቼ በ17 ቁልፍ ዳዶውን ልፈታ ስል ጧ!! ብልጭታ። ለካ ባትሪውን አልፈታሁም፣ ወደ ሞተሪኖው የምትገባው ወፍራም ሽቦ ደሞ ከኋላ ወንበር ስር ካለው ባትሪ በቀጥታ ነው የምትመጣው፣ ፊውዝ የሚባል ነገር አያውቃትም። ጭንቅላቴን ከሻንሲው ጋር አጋጭቼ ወጣሁ።

የላይኛው ቡሎን ደሞ ሞተሩንም ሞተሪኖውንም አብሮ ነው የሚይዘው፣ አንድ ሰው ከኋላ በሞተሩ በኩል እጁን ሰዶ መያዝ አለበት ሌላው ከስር ይፈታል። ሚስቴን ከቡና ማፍላቷ ጠራኋት።

«ያዝሽ?»
«ያዝኩ።»
«በደንብ ያዥ!»
«ይዣለሁ አልኩህ እኮ!»

እፈታለሁ እፈታለሁ አብሮ ይዞራል። ሃያ ደቂቃ በኋላ ወጥቼ ሳይ ሌላ ቡሎን ነው ይዛ የቆመችው። ጥፋቱ የኔ ሆነ፣ «የትኛውን» ስላላልኩ።

ብቻ ተገጠመ። ቁልፍ ጠመዘዝኩ። «ጠቅ።»

«ድምፁማ የድሮው ነው» አለች።

እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ድሮ ሹፌር የነበሩ ጎረቤታችንን አያን ጠራናቸው። በብስክሌታቸው መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩና «ማሳውን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«የምን ማሳ አያ፣ እኔ ከወላጆቼ የደረሰኝ ይቺ መኪና ብቻ ናት፣ መሬት የለኝም።»

ትንሽ አዩኝ። «የሽቦውን ማሳ ነው የምልህ አንተ ልጅ!»

ለካ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ላስቲክ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለሰው ካምቢዮውን ከቦዲው በምታገናኝ ማሳ በሚሏት አንዲት ጠፍጣፋ የተጎነጎነች ሽቦ ነው። እሷ ዝጋ አረንጓዴ ሆናለች። አያ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አርገው መልሰው አሰሩ። አምስት ደቂቃ። የድሮውን ሞተሪኖ መሬት ላይ አስቀምጠው በእግራቸው ረግጠው ከባትሪ ጋር ሲያገናኙት እንደ ጎረምሳ ጮኸ። ምንም አልነበረበትም። ሚስቴ «ስንት ነበር የገዛኸው?» ስትል ያልሰማ መሰልኩ።

ወሬ ለመቀየር መኪናዋን ከክሪክ አውርጄ ከውጭ ቆሜ እጄን በመስኮት አስገብቼ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ሁለተኛ ማርሽ ያልኳችሁ ትዝ አለች? ዘለለች! ሞተሩም እዛው ተነሳ፣ እኔ እጄ መስኮት ውስጥ ሆኖ አብሬ እየሮጥኩ፣ ጎረቤታችን እትዬ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ያሰጡት በርበሬ ላይ ወጣችና የማንጎ ግንድ አቆማት። ቮልስ ደሞ የምትቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በማራገቢያ ነው፣ ያን ሁሉ የበርበሬ አቧራ ስባ በተነችው፣ ሰፈሩ በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ።

እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አርገው ወጡ። «ምን ሁነሃል፣ ወፍጮ ቤት ጠፍቶ ነው?»

አምስት ኪሎ በርበሬ ከፈልኩ። የመኪናዋ ማሞቂያ ከዛው ማራገቢያ ነው አየር የሚያገኘው፣ በከፈትኩት ቁጥር እስከ ዛሬ ዓይኔን ያቃጥለኛል።

ሰኞ ጠዋት አራቱ ልጆች እንደ ወትሮው ተሰልፈው ጠበቁኝ። ቁልፍ ጠመዘዝኩ፣ ድርርር ብላ ተነሳች። ዝም ብለው አዩኝ። ከዛ ትንሹ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ማሳው የትጋ ነው ያለው?» አለኝ።