ሌዘሯ፣ ዋንዛውና የድሬ መብራት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ በሌዘር ጨረር እያቃጠለች እንጨት የምትቀርጽ አንዲት ትንሽ ማሽን አለችኝ። 5 ዋት ብቻ። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ያመጣልኝ ናት።

መጀመሪያ 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ በፍጥነት ለቀቅኳት። ላዩን አጥቁራ አለፈች። ቀስ ብላ ሦስት ዙር ስትመላለስ ግን ቆረጠች። ሙጫ የበዛበት ቦታ ላይ አሁንም ታስቸግረኛለች።

ዋንዛ ሌላ ነው። ለጓደኛዬ ሠርግ የለገሃርን ባቡር ጣቢያ ስቀርጽ፣ ሁለት ሰዓት ሄዶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ድርግም! ሲመጣ ማሽኗ የቆመችበትን ረስታለች። ደግነቱ እንጨቱን አልነካሁትም ነበር። ጭንቅላቷን ወደ መነሻዋ ጥግ ገፍቼ፣ ከተቋረጠበት መስመር አስቀጠልኳት። ስስ ጭረት ቀረች። ሙሽራው «ይቺ ሐዲዱ ናት?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ ምን ልበል?

ጭሱን እናቴ «ቤቱን ከሰል ማክሰያ አደረግከው» ትላለች። ቬንትሌተሩን ወደ ውጭ አዙሬዋለሁ። የሌዘር መከላከያ መነጽሩን ግን ለአፍታም አላወልቅም፤ ሰማያዊው ጨረር ዓይን ያጠፋል። አርቴፊሻል ቆዳ ይዘው «ቅረጽልን» የሚሉኝንም እመልሳለሁ። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ካለበት፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል።