ደብተሬን አትንኩብኝ

ልጆቼ «እማዬ፣ የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ አይጻፍም!» ይሉኛል። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ስላሳለፍኩ ደብተር አምናለሁ። ደግሞስ ኢሜይሌን ሊሰብር የሚሞክረው የኢንተርኔት ሌባ ቁም ሣጥኔን ከየት አግኝቶ ይከፍታል?

ደብተሩ ግን ሕግ አለው። ከስልኬ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ሙሉውን የይለፍ ቃልም አልጽፍበትም። መጨረሻ ላይ የምትጨመር አንዲት ቃል አለች፤ እሷን የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ። የቴሌብርና የባንክ ፒን ደግሞ ጨርሶ አይጻፉም። የልደት ዓመትም ሆነ 1234 ፒን አይሆንም፤ ሌባው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

ለኢሜይል ረጅም እመርጣለሁ፤ የማይገናኙ አራት ቃላት፣ «ጀበና ባቡር ሎሚ ጣሪያ» ዓይነት፣ በላቲን ፊደል። (ይህችን አትውሰዷት፣ አደባባይ ወጥታለች።) የኢሜይሉን ሌላ ቦታ አልደግመውም። ኢሜይሌን የያዘ ሰው የሌሎቹን የይለፍ ቃል በእሱ በኩል መቀየር ይችላላ!

በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚለውን ምክር ትቼዋለሁ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እንኳ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የይለፍ ቃሉ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል የሚል ማስረጃ ከሌለ በየጊዜው ማስቀየር አያስፈልግም ብሏል። እኛ አሮጊቶች ተገላገልን!

«ከባንክ ነው፣ በመልእክት የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚል ከደወለ ግን ጨዋነት የለም። «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳልል ጆሮው ላይ እዘጋበታለሁ። የእውነት ጉዳይ ካላቸው ቅርንጫፋቸው ሩቅ አይደለም፤ ራሴ ሄጄ እጠይቃለሁ።