በሐይቁ በኩል ያለው መስኮት

ነሐሴ 26፣ ጠዋት

ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ኩሽናው መስኮት ሄድኩ። ከስድስቱ የወተት ጣሳዎች ሦስተኛው ላይ ያለችው ሜሪጎልድ እምቡጥ አውጥታለች። ሽምብራ እንኳ አታክልም። አረንጓዴ ናት፣ ድፍን ያለች፣ ጎኗ ላይ ሽንሽን ያላት። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየኋት። አልተሳሳትኩም፤ እምቡጥ ናት።

ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። በደህና ቀን ከዚህ መስኮት፣ በሁለት ሕንፃዎች መሃል፣ ጣና አንድ ክንድ ያህል ይታየኛል። ዛሬ የለም። ሰማዩና ውሃው ተደባልቀው አንድ አመድማ ነገር ሆነዋል። ቡናዬን ይዤ እዚያው ቆምኩ። ሥራ ሊረፍድብኝ ነው፣ ግን ይቺን እምቡጥ ለማየት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አምስት ደቂቃ ይገባኛል።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያደግኩበት ግቢ ማንጎ ነበረው፣ ዘይቱን ነበረው፣ አጥሩ ሥር ጌሾ ነበረው። አሁን ያለኝ መሬት ባልዲና ጣሳ ውስጥ ያለው ነው። ወደዚህ ቤት ስገባ እናቴ ከግቢዋ ጤና አዳም ነቅላ፣ ሥሩን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ መጣች። «ያለ ጤና አዳም ቡና ልትጠጭ ነው?» አለችኝ። ሚስማር አግዬ የቀለም ባልዲ ቂጡን በሳሁና ተከልኩት። የመጀመሪያው እሱ ነው።

ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ላይ ሁለት አንጓ መኒ ፕላንት ቆርጬ ሃይላንድ ውስጥ በውሃ አቆምኩት። በሁለት ሳምንቱ ነጭ ሥር አወጣ። አሁን የመጋረጃው ዘንግ ላይ ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ እየሄደ ነው። ሳንሴቬሪያም አለኝ፣ ያቺ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብላ የምትቆመው። ረስተዋት ቢከርሙ አትሞትም። የምትሞተው በውሃ ብዛት ነው፤ ክረምት ላይ በወር አንዴ ባጠጣት ይበቃታል።

የምሳሳለት ግን ከዘጌ የመጣው የቡና ችግኝ ነው። ቡና ጥላ ይወዳል። ዘጌ ላይ ያደገው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ስለሆነ የሳሎኔ ጥግ አይከፋውም። ፍሬ አልጠብቅበትም። ቅጠሉ ብቻ ይበቃኛል፤ ዘይት የተቀባ ይመስላል። አቧራ ሲይዘው በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ እጠርገዋለሁ። እናቴ አንድ ቀን ስጠርግ ደረሰችብኝ።

«ቡናን ገላ ሲያጥቡት ያየሁት ዛሬ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «እኛ ለምለም ነገር ቤት የምናስገባው ለበዓል ነው። ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ሲጠወልግ ጠርገን እንጥለዋለን። አንች ጭራሽ ቤት ሰጥተሽ አኖርሽው።»

ሙግት አልገጠምኩም። ስትሄድ ግን ከመኒ ፕላንቱ ቆርጣ በፌስታል ይዛ ሄደች።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ።

አምና ሜሪጎልድና ዚኒያ በረንዳ ላይ በቀጥታ ዘርቼ ነበር። ቡቃያው ሁለት ጣት ያህል ሲሆን አንድ ማታ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስወጣ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል፣ ግማሹ ጭራሽ የለም። ዝናብ ለገበሬው ሲሳይ ነው። ለእንዲህ ያለ ክር ለመሰለ ቡቃያ ግን ዱላ ነው። ዘንድሮ ቤት ውስጥ ላብቅል ብዬ ወሰንኩ። ሐምሌና ነሐሴ ባሕር ዳር ላይ ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርድባቸው ወራት ናቸው፤ እኔም ከቤት አልወጣም፣ እነሱም አይወጡም።

ዘሩን አምና ከደረቁት አበቦች ለቅሜ ፖስታ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። የሜሪጎልድ ዘር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀጭን፣ ጥቁር፣ አንደኛው ጫፉ ላይ ገለባ የመሰለ ጭራ ያለው። ትንሽዬ መጥረጊያ ነው በቃ። የዚኒያው ጠፍጣፋ ነው፣ የቀስት ጫፍ ይመስላል። ይህን ለማወቅ መዳፍ ላይ አድርጎ ወደ መብራት መጠጋት ያስፈልጋል። መብራት ካለ።

ከዚያ ስልኬን ከፍቼ እንዴት እንደሚበቀል አነበብኩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ እሱ ነው። የሚጽፉት ስለ «ዊንተር» ነው። እኔ በጭንቅላቴ «ክረምት» ብዬ ተረጎምኩት፤ ትምህርት ቤትም እንደዚያ ነው የተማርነው። የእነሱ ዊንተር ግን በረዶ ነው፣ ያውም በእኛ ታኅሣሥና ጥር። እነሱ ማሞቂያው አየሩን አደረቀብን ብለው ቅጠል ላይ ውሃ ይረጫሉ። እኔ ቤት ሐምሌ ላይ ጨው እንኳ እቃው ውስጥ ይረጥባል። ያም ሆኖ እንዳሉት ረጨሁ።

ሰኔ 25 የእንቁላል ካርቶን ላይ አፈር ሞላሁ። ያጠራቀምኩትን የቡና አተላም ቀላቀልኩበት፣ ያዳብረዋል ብዬ። ከላይ በፌስታል ሸፈንኩት። «ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ላይ አስቀምጡ» ይላል። የሳሎኔ መስኮት ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። አስቀመጥኩ። እንደ ጎበዝ ተማሪ።

በአምስተኛው ቀን በቀሉ። ደስ አለኝ፣ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላኩላት። በአሥረኛው ቀን አንገታቸው ረዘመ። ነጣ ያሉ፣ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ሁሉም ወደ መስታወቱ ያዘነበሉ ሆኑ። አፈሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጣ፣ ከአተላው ነው። በላዩ ላይ ደቃቅ ጥቁር ትንኞች ይዞራሉ። ከዚያ አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። አፈሩን የሚነካው ጋ ግንዱ ይቀጥንና ውሃ የቋጠረ ይመስላል፤ በማግስቱ ተኝቶ ይገኛል። ከ24 የቀሩት ሁለት ነበሩ። እነሱንም ጣልኳቸው። ተናድጄ ነበር።

ፊት ለፊት በር ላይ የሚኖሩት ሴትዮ ካርቶኑን ይዤ ስወርድ አገኙኝ። ሕንፃው በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ ነገርኳቸው። ካርቶኑን አይተው፣ «የት አድርገሽው ነበር?» አሉኝ።

«ሳሎን መስኮት ላይ።»

«አንች ልጅ፣ ልብስሽን በየት በኩል ነው የምታሰጭው?»

«በኩሽናው በረንዳ፣ በሐይቁ በኩል።»

«ለምን?»

ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም። እዚያ ስለሚደርቅ ነው።

«ክረምት ላይ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ትዞራለች» አሉኝ። «ከመስቀል በኋላ ነው ወደዚህ የምትመለሰው። ለልብስሽ ያወቅሽውን ለአበባሽ አጣሽው?»

ማታ ነገሩን አሰላሁት። ልክ ናቸው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ሰኔ ላይ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ድረስ ወደ ሰሜን ትወጣለች። አልፋን ትሄዳለች ማለት ነው። ከሚያዝያ 12 ገደማ ጀምሮ እስከ ነሐሴ 16 ገደማ ድረስ በቀትር እንኳ ያለችው ከአናታችን በስተ ሰሜን ነው። ጣና ደግሞ ከከተማው በስተ ሰሜን ነው። ያ ጽሑፍ የተጻፈው ፀሐይን ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለሚያዩ ሰዎች ነው። ለእነሱ ትክክል ነው። እኔ ግን ቡቃያዎቼን በሐምሌ ጀርባዋን በሰጠች ፀሐይ ፊት አሰልፌያቸው ነበር።

ሐምሌ 14 እንደገና ዘራሁ። ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በኩሽናው መስኮት። አተላ የለም፣ አፈርና የወንዝ አሸዋ እኩል ለእኩል ብቻ። ፌስታሉን ልክ ሲበቅሉ አነሳሁት። ውሃ ከላይ መርጨት ትቼ ካርቶኑን ትሪ ላይ አድርጌ ከሥር አጠጣሁ፤ አፈሩ የሚበቃውን ይመጥና የቀረውን እደፋለሁ። ደመና ቢሆንም በዚያ በኩል ብርሃኑ ይሻላል። ደመናው ሲከፈት ደግሞ ጠዋት ለሰዓት ያህል፣ ማታም ልትጠልቅ ስትል፣ ፀሐይዋ በአግድም ትገባለች። ምጣዱ ላይ፣ ጀበናው ላይ፣ ቡቃያዎቹ ላይ ታርፋለች።

አንዷ ዚኒያ የዘሯን ቅርፊት እንደ ቆብ አናቷ ላይ እንዳጠለቀች ወጣች። ለሦስት ቀን አላወለቀችም። ሁለቱ ቅጠሎች ውስጡ ታጥፈው ታስረዋል። በምራቄ አርጥቤ በጥፍሬ ጫፍ ሳብኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እውነቴን ነው። ቅርፊቱ ወጣ፣ ቅጠሎቹ እንደ መጽሐፍ ተከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ይቺን ልጅ አዳላላታለሁ። እስካሁን ግን እምቡጥ የላትም። ውለታ ቢስ።

ነሐሴ 16 ፍልሰታ ተፈትቶ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰማዩ ገለጥ አለ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሕንፃው ግቢ ወረድኩና ቆምኩ። ጥላዬ ጫማዬ ሥር ገብቷል። በየትም በኩል የለም። ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ አንዱ «ምን ጠፍቶባት ነው?» ሲል ሰማሁት። ጠርቼ አሳየሁት። የራሱን ጥላ ፈልጎ አጣው፣ ዘለለ፣ አሁንም አጣው። ኳሱ ቀረ፤ ሁሉም መዝለል ጀመሩ።

ያው ልጅ በማግስቱ በሃይላንድ ግማሽ ውስጥ አበባ ይዞልኝ መጣ። «አበባ ስለምትወጂ» አለኝ። ሐምራዊ ነው፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ነጥብ ያለው፣ ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ፣ ግንዱ እንደ ፊኛ የተነፋ። እምቦጭ! እውነቱን ለመናገር ጣሳዎቼ ላይ ካሉት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ዓለምን የዞረውም በውበቱ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ለጌጥ እየተባለ ከኩሬ ወደ ኩሬ ሄደ። እኛ ጋ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ስሙ ከአፋችን አልወጣም። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ያለው ሰው በእጁ ሲነቅለው ስንት ዘመኑ ነው። ልጁን ከየት አመጣኸው ስለው ወደ ሐይቁ ጠቆመኝ። አመስግኜው ተቀበልኩት፤ ሲሄድ ውሃውን ትቼ አበባውን ምድጃ ላይ አደረቅኩት፣ ከዚያ አቃጠልኩት። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይጠብቃል። በእኔ ባልዲ በኩል አይሄድም።

ይህን እየጻፍኩ በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፣ ስኒ ይዘዋል። ጤና አዳም ሊቆርጡ ነው የመጡት፤ ክረምት ላይ የእሳቸው ከርሞ አያውቅም። አንድ ጫፍ ቆረጡና አይናቸው ጣሳው ላይ አረፈ።

«እምቡጥ ነው?»

«እምቡጥ ነው። ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል።»

ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጫን አደረጉት። ጠንካራ ነው ገና።

«አሥር ቀን ነው የቀረው። አይደርስም፣ ይሄ የመስቀል ነው።»

«ይደርሳል፣ እማማ።»

ተወራረድን። የተሸነፈ ቡና ያፈላል፤ ቄጠማውንም የሚያመጣው እሱ ነው።