በሁለት ላይክ የተገዙ በጎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሁለት በግ አያስፈልገውም። ለዚያውም በዐቢይ ጾም፣ ለዚያውም ቀንዳም የመንዝ በግ። እኔ ግን ይህን ስጽፍ ሁለቱ የአከራዬን ጤና አዳም ሲቀጩት በመስኮት አያለሁ። ውሉን ያሰረችው አውራ ጣቴ ናት።

መሐል ሜዳ ያሉት አጎቴ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ። ካብ ሥር የተኮለኮሉ በጎች ናቸው። ከሥሩ ልጃቸው ጽፋላቸዋለች፦ «ለፋሲካ የሚሆኑ ደህና ደህና በጎች አሉ። ልላክልህ?» ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ፤ አንድ እጄ ፌስታል ይዟል። «አይቻለሁ፣ ማታ እደውላለሁ» ለማለት ላይክ፣ ያቺን ወደ ላይ የቆመች አውራ ጣት፣ ነካሁ። ኔትወርኩ ደካማ ነበርና ያቺ ትንሽ ሰዓት ስትሽከረከር ቆየች። ያልሄደ መስሎኝ ደገምኩት። ማታ መደወሉን ረሳሁት።

በሦስተኛው ቀን የአይሱዙ ረዳት ደወለ። «ወንድም፣ በጎችህን ተረከብ። አንደኛው እየተዋጋ ነው።»

ጋሼን ደውዬ ስጠይቃቸው በኔ መጠየቅ ተገረሙ። «ሁለቴ እሺ አልክ፤ ሁለቴም ሳጥን አስከተልክ። ሁለት በግ ጫንልኝ ማለት አይደለም እንዴ?»

ሳጥኑ ከየት መጣ? ይህ እንኳ የጋሼ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የእጅና የሰው ምስሎች በአምስት የቆዳ ቀለም ይመጣሉ። እኔም ላይኬን ጠይም አድርጌዋለሁ። ስልኩ የሚልከው ግን አንድ ምስል ሳይሆን ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ የጣቷ፣ ሌላው የቀለሙ። አዲስ ስልክ ሁለቱን አዋህዶ ጠይም ጣት ያሳያል። አሮጌ ስልክ ማዋሃዱን ስለማያውቅ ቢጫ ጣት ያስቀምጥና ቀለሙን ከጎኗ በትንሽ ሳጥን መልክ ይጥለዋል። የጋሼ ስልክ አሮጌ ነው። እኔው ነኝ፣ አዲስ ስገዛ፣ የሰጠኋቸው።

በነገራችን ላይ ምስሉን የሚሥለው ላኪው አይደለም። የሚጓዘው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ስልክ የራሱን ሥዕል ያወጣለታል። እናንተ ጥርሷን ፈልቀቅ አድርጋ የምትስቅ ፊት ስትልኩ ወዲያ ማዶ ጥርሷን ነክሳ የምታቃስት ልትመስል ትችላለች። ቁጥሩን ጨርሶ የማያውቅ ስልክ ደግሞ ባዶ ሳጥን ያወጣል። ሳጥን ደርሶት በትሕትና «እሺ» ብሎ የሚመልስ ስንት አባት አለ መሰላችሁ።

በዚህች ጣት ከኔ በፊት የተያዘ አንድ ገበሬ አለ፤ ካናዳ፣ ሳስካችዋን በምትባል ግዛት። እህል ገዢው የተልባ ውል ፎቶ አንስቶ ላከለትና ውሉን እንዲያረጋግጥ ጠየቀው። ገበሬው ላይክ መለሰ። ተልባው ግን ሳይደርስ ቀረ፤ ዋጋውም ተወደደ፤ ነገሩ ችሎት ፊት ደረሰ። ገበሬው የተከራከረው ልክ እንደኔ ነው፦ ደርሶኛል ማለቴ እንጂ ተስማምቻለሁ ማለቴ አልነበረም። ዳኛው ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ጣቷን እንደ ፊርማ ቆጥረው ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ ፈረዱበት። አንዱ ምክንያት ሁለቱ ሰዎች ቀደም ሲልም በ«እሺ» እና በመሳሰለ አጭር መልስ ውል ሲያስሩ መኖራቸው ነው። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል፤ እዚያ ግን በአንድ ጣት አለቀ። እኔም ለገና «እሺ» ብዬ ከጋሼ አንድ በግ ተቀብያለሁ። እኚያ ዳኛ መሐል ሜዳ ቢያስችሉ የምረታ አይመስለኝም።

«አልፈልግም፣ መልሱልኝ» ማለቱን ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ በጽሑፍ ላለሳልሰው አልኩ። ስህተቴ የተባባሰው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ «ጋሼ፣ በጎቹ ደርሰዋል» ብዬ እየሳቀች ግንባሯን ላብ ያላባትን ፊት አስከተልኩ። በወጣት ቋንቋ «ኧረ ጉድ ሆንኩ» ማለት ናት። የጋሼ መልስ፦ «ምነው ላብ አላበህ? ሸዋ ሮቢት ወርደህ ነበር? ወባ ነው፣ ታከም።» ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሆኖ የሚያልበው ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እውነታቸውን ነው።

ቀጥዬ ሁለቱን መዳፎች የገጠመችውን ላክሁ፤ «ስለ እግዚአብሔር፣ በቃዎት» ለማለት። ይህቺ ከሁሉ የከፋችው ናት። በይፋ የተሰጣት ስም «እጆቹን ያጣጠፈ ሰው» ነው፤ ጃፓን ውስጥ «እባክህ»ም «አመሰግናለሁ»ም ትሆናለች። ሁለት ሰዎች መዳፍ ለመዳፍ ሲማቱ ነው የሚሏትም አሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ አሜን፣ ይቅርታ፣ ነፍስ ይማር፣ ብር አበድረኝ፤ ሁሉንም ትሸከማለች። ጋሼ «አሜን! እግዜር ይስጥልን» የሚለውን መርጠው አነበቧት፤ ከዚያም «አንድ ሙክት ልጨምርልህ?»

ደግነቱ ይህን በላይክ አልመለስኩም።

በዚህ መሐል የጋሼ ልጅ፣ አሥረኛ ክፍል ናት፣ ነገሩ ገብቷት በቤተዘመድ ግሩፑ ላይ «ሁለት በግ በሁለት ላይክ» ብዬ የጻፍኩት ላይ የራስ ቅል ለጠፈች። ለሷ እድሜ የራስ ቅል ሳቅ ነው። ስታስቡት የኛው አማርኛ ነው፤ «በሳቅ ገደልከኝ» እንል የለ? የምታለቅሰዋ ፊትም ለነሱ ከሣቂዋ ይልቅ ሳቅ ናት። በእንባ የምትስቀዋን የሚልክ ሰው በነሱ ዘንድ ሽማግሌ ነው፤ ያቺ እ.ኤ.አ. በ2015 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጣት። እማዬ ግን ከመንዝ በኩል የመጣ የራስ ቅል ነው ያየችው። ስደርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መደብ ላይ ተቀምጣለች። «ማን ነው? አትደብቀኝ። ጋሼ ናቸው?» በግ ነው እማዬ ብላት «በግ ሞቶ ነው እንዲህ የሚያረዱን?» ብላ አኮረፈች።

ከእንግዲህ ወዲያ ያለውን ለናንተ እንዲጠቅም በዝርዝር ላስቀምጠው። ለቅሶ ላይ ከአፍንጫዋ ሥር ጠብታ የተንጠለጠለባትን ፊት የምትልኩ ሰዎች፣ ያቺ እንባ አይደለም። በጃፓን የካርቱን ሥዕል እንቅልፍ የወሰደው ሰው ከአፍንጫው አረፋ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ለሐዘንተኛው የምትልኩት «እንቅልፌ መጣ» ነው። እንባው ከዓይን መውረዱን አስተውሉ። ከአፍንጫዋ እንፋሎት የምትተፋዋ ደግሞ፣ እኛ ለቁጣ የምናውላት፣ ስሟ «የድል ፊት» ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለማይጎዳ ቁጣችሁን ቀጥሉ።

ቴሌግራም ላይ መልእክትን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መንካት በራሱ ምላሽ፣ ሪአክሽን የሚሉትን ትንሽ ምስል፣ ይልካል። ፎቶ ለማጉላት ብሎ፣ ኪስ ሲከት፣ ልጅ ሲያቅፍ የሚነካ አለ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ቻት ሴቲንግስ ገብታችሁ ኩዊክ ሪአክሽን በሚለው ውስጥ ምስሉን መቀየር ትችላላችሁ፤ ልብ ከሆነ ቶሎ ቀይሩት፣ ልቡ ለአለቃ ሚስት የሄደበት ሰው አውቃለሁ። ተሳስታችሁ የላካችሁትን ጽሑፍ ደግሞ ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ ዲሊት በሉ፤ ከዚያ «ከእሱም ስልክ ይጥፋ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። ሳጥኗን ከረሳችሁ ከናንተ ስልክ ብቻ ይጠፋል፤ እናንተ ያጠፋችሁ መስሏችሁ ስትዝናኑ በግ እየተጫነ ነው። ምላሽ ከሆነ ራሱኑ ድጋሚ ብትነኩት ይነሳል፤ ማሳወቂያው ደርሶ ከሆነ ግን ዋጋ የለውም።

ለታላቅ ሰው ስትጽፉ ቃሉ ይቅደም፣ ምስሉ ይከተል። «ደርሶኛል፣ ማታ እደውላለሁ» ብላችሁ ከዚያ ጣታችሁን አንሡ። ቀለም አትቀቡት፤ ቢጫው ሳጥን የለውም። ገንዘብ፣ ከብት ወይም መሬት ያለበት ጨዋታ ላይ ጭራሽ ጣት አትላኩ።

የሚገርመው እነዚህ ምልክቶች የመጡት ለዚሁ በሽታ መድኃኒት ተብለው መሆኑ ነው። አሜሪካ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዱ «ሊፍቱ በሜርኩሪ ተበክሏል» የሚል ቀልድ በኮምፒውተር ይለጥፋል፤ አንዳንዱ የምር ማስጠንቀቂያ መስሎት ይደነግጣል። ስኮት ፋልማን የተባሉት ምሁር በእኛ መስከረም 9 ቀን 1975 ዓ.ም. ለቀልድ ምልክት ይኑረው ብለው ሁለት ነጥብ፣ ጭረትና የሚዘጋ ቅንፍ ደረደሩ፤ አንገታችሁን ዘንበል ብታደርጉ ፈገግታ ነው። (በግዕዝ ኪቦርድ የኛን ሁለት ነጥብ ብትጠቀሙ ስልኩ ፈገግታ አያደርግላችሁም፤ ለሱ ሌላ ፊደል ናት። እንዲሁ ሁለት ነጥብና ቅንፍ ሆና ትቀራለች።)

በጎቹ አሁን ፉርሽካና አተላ ይቀለባሉ፤ ድርቆሹ ተወዷል። አከራዬ ስለ ጤና አዳሟ እስካሁን ምንም አላለችኝም፤ ትናንት ብቻ ያቺን እንፋሎት የምትተፋ ፊት ላከችልኝ። ድል ይሁን ቁጣ አልጠየቅኋትም።

ጋሼ ዛሬ ጠዋት ሌላ ፎቶ ላኩ፤ ጊደር ናት። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጣቶቼን ከመስታወቱ አርቄ፣ የድምፅ መልእክት ቀዳሁ፦ «ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ፤ ጊደር አልፈልግም። አልፈልግም።» ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ። አንዲት ላይክ። ሳጥን የላትም። እየደወልኩ ነው፤ ስልካቸው አይነሳም።