ወደ ሰሜን ሐይቆች በውሃ አውሮፕላን፦ መጀመሪያ ኪሎውን እንቁጠር

ካናዳ ኤድመንተን ወይም አላስካ አንኮሬጅ ያሉ ዘመዶቹን ሊጠይቅ የሚሄድ የደብረ ብርሃን ወይም የመንዝ ሰው፣ መኪና ወደማይገባበት ሐይቅ የሚያደርስ የውሃ አውሮፕላን እንዳለ ሲሰማ ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ዋጋውንም፣ የሚያርፍበትን ሐይቅም፣ ምን ያህል ቀን እንደሚቆይም የሚወስነው ግን ኪሎ ነው።

በእነዚያ ሐይቆች ላይ ደጋግማችሁ የምታዩት ዲ ሃቪላንድ ቢቨር የሚባለውን ነው። ካናዳ የተሠራ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆነውም እስከ ዛሬ ተፈላጊ ነው። 450 የፈረስ ጉልበት ያለው አንድ ሞተር አለው፤ በጎማ ፋንታ ደግሞ ፍሎት የሚባሉ ሁለት ረጃጅም ባዶ ቀፎዎች። አብራሪውና ነዳጁ ከተቆጠሩ በኋላ ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው 450 ኪሎ አካባቢ ነው፤ መንገዱ ረዝሞ ነዳጅ ሲጨመር ደግሞ ይቀንሳል። አውሮፕላኑ አነስ ያለው ሴስና 185 ከሆነ ሁለት ሰው ከነዕቃው ብላችሁ አስቡ።

ሦስት ሰዎች ለ8 ቀን ቢሄዱ እንዲህ ይሰላል። ሰው ከነልብሱና ከነጫማው 80 ኪሎ ቢባል 240። የግል ቦርሳ 20 ኪሎ ቢሆን 60። ምግብ ለአንድ ሰው በቀን 800 ግራም፣ ግን ለ8 ሳይሆን ለ10 ቀን፣ 24 ኪሎ። ድንኳንና የማብሰያ ዕቃ 15፣ በአየር የሚነፋ ጀልባ 40። ድምሩ 379 ነው። የቀረው 70 ኪሎ ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ አንድ ሰው ኪሎውን ደብቆ ከመጣና ዕቃው በዝናብ ከራሰ ግን ያልቃል። አብራሪዎቹ ሰውንም ሚዛን ላይ ያወጣሉ፤ እፍረት የለውም።

ሒሳቡ ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ አውሮፕላኑ አድርሷችሁ ባዶውን ይመለሳል፣ ሊወስዳችሁ ሲመጣም ባዶውን ይመጣል። የሚከፈለው ለአራቱም ጉዞ ነው። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ "ማድረሱና መመለሱ ከነባዶ በረራው ስንት ነው?" በሉ።

ይህ ሥራ ሰሜን ሸዋ ላይ ለምን እንደሌለ የሚጠይቁ አሉ። የሐይቅ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ከፍታውም አይፈቅድም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። ከዚያ በላይ ፍሎት ውሃውን እየቀደደ ስለሚሄድ ለመነሳት ከጎማ ይልቅ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። የካናዳዋ የሎውናይፍ ከተማ ያለችበት ግሬት ስሌቭ ሐይቅ ከፍታው 156 ሜትር ብቻ ነው፤ አሮጌው ቢቨር እዚያ እስከ አፉ ተጭኖ የሚነሳውም ለዚህ ነው።

ወዴት ይኬድ? ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ አላስካ ውስጥ ካትማይ ፓርክ፣ ብሩክስ ካምፕ ይሻላል። ከኪንግ ሳልመን በውሃ አውሮፕላን ተነስታችሁ ናክኔክ ሐይቅ ላይ ታርፋላችሁ፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድቦች ፏፏቴው ላይ ቆመው ዓሣ ሲይዙ ከእንጨት መድረክ ላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። ከአውሮፕላኑ እንደወረዳችሁ ስለ ድብ ገለጻ መስማት ግዴታ ነው። ሰው ይበዛበታል፤ ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ አትሂዱ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የካናዳው ናሃኒ ነው። ሰሜን ተራራና ላሊበላ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ናሃኒም በዚያው የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ነበረ። መነሻው ፎርት ሲምፕሰን ነው። ቨርጂኒያ የሚባለው ፏፏቴ ከ90 ሜትር በላይ ነው፤ ጢስ ዓባይን ሁለት እጥፍ። አውሮፕላኑ ከፏፏቴው በላይ ወንዙ ላይ ያርፋል። ግሌሸር ሐይቅ ላይ ካረፋችሁ ደግሞ ቀጥ ብለው የቆሙ የግራናይት ድንጋይ ግድግዳዎች ይጠብቋችኋል። አውሮፕላን እንዲያርፍ የተፈቀደባቸው ቦታዎች ውስን ስለሆኑ ፈቃዱን ከፓርኩ ቀድማችሁ ጨርሱ። ዓሣ የሚወድ ሰው ግን ከየሎውናይፍ ተነስቶ ወደ ግሬት ስሌቭ ምሥራቃዊ ክንድ ይሂድ። ጥልቀቱ 614 ሜትር ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የሚበልጠው ሐይቅ የለም።

ወቅቱ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ጓሳ በዝናብና በጉም ሲዋጥ እዚያ በጋ ነው። አብዛኛው ሐይቅ በረዶው የሚለቀው በሰኔ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ትልቁ ግሬት ቤር ሐይቅ ላይ ግን እስከ ሐምሌም ይቆያል። የመንዝ ሰው ብርዱን ይችለዋል፤ የማይችለው ቢምቢውን ነው። ወባ አያመጣም፣ ግን በሰኔና በሐምሌ ደመና ሆኖ ይመጣል። ፊት የሚሸፍን መረብ፣ ነጣ ያለ ሰፊ ልብስ፣ 30 በመቶ ዲኢት የሚባል ቢምቢ የሚያባርር ኬሚካል ያለው ቅባት ያዙ፤ ድንኳኑንም ነፋስ የሚያገኘው የጠጠር ዳርቻ ላይ ትከሉ። ወደ ነሐሴ መጨረሻ ቢምቢው ይቀንሳል፣ ሌሊቱም ስለሚጨልም የሰሜኑን የሰማይ ብርሃን ታያላችሁ።

ስንቅ ላይ ከማንም እንሻላለን። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ቀላልና የማይበላሹ ናቸው፤ በሶ ማገዶም አይጠይቅም። ቋንጣው ይቅር፤ ሥጋ ድንበር ላይ ይወሰዳል፣ ሽታውም ድብ ይጠራል። የመንዝ ባናም ይቅር። ሙቀቱ አይታማም፣ ኪሎው ግን የአንድ ሰው የሳምንት ስንቅ ያህል ይበላል፤ የሱፍ ካልሲና ሹራብ ይበቃል። ዕቃችሁን በጠንካራ ሻንጣ ሳይሆን እንደ ልብ በሚታጠፍ ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ በትናንሹ ከፋፍላችሁ ያዙ፤ የቢቨር በር የሚያስገባውና ፍሎት ውስጥ ባለው ሣጥን የሚገባው እሱ ነው። የጋዝ ጣሳና ድብ የሚያባርር በርበሬ ስፕሬይ በመደበኛ አየር መንገድ አይሄዱም፤ እዚያው ከተማ ግዙ። ስፕሬዩን ለአብራሪው ስጡት፣ ፍሎቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ካቢን ውስጥ ቢፈነዳ አብራሪው ማየት አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። የውሃ አውሮፕላን ሲገለበጥ ጣሪያው ታች ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም በግጭቱ ሳይሆን መውጫው ጠፍቶበት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የበሩን እጀታ በእጃችሁ ፈልጉ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ድገሙት። ከተገለበጠ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቁ፣ እንቅስቃሴው እስኪያቆም ጠብቁ፣ በአንድ እጅ የማይንቀሳቀስ ነገር ይዛችሁ በሌላው በሩን ክፈቱ፣ ከዚያ ብቻ ቀበቶውን ፍቱ። ቀበቶውን ቀድሞ የፈታ በጨለማው ውስጥ ተንሳፍፎ አቅጣጫው ይጠፋበታል። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ውጭ ሳትወጡ አትንፉት፤ ውስጥ ከተነፋ ወደ ላይ አጣብቆ ያስቀራችኋል።

ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ሲል አብራሪው ደስ የሚለው ይመስላችኋል፤ እንዲያውም የሚፈራው እሱን ነው። ከፍታውን በዓይን መለካት ስለማይቻል ወደ ዳር ተጠግቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሐይቁን ደጋግሞ ከዞረ አትነዝንዙት። ጠፍጣፋው ውሃ ፍሎቱን ስለሚይዘው መነሳትም ይከብዳል፤ ትንሽ ማዕበል ይረዳል። ስትደርሱ ፕሮፔለሩ ፈጽሞ ሳይቆም አትውረዱ፤ ስትወርዱም ወደ ጭራው እንጂ ወደ ፊት አትራመዱ። ፍሎቱ ያዳልጣል፣ ብሬክም የለውም።

የመመለሻው ቀን ብዙ ጊዜ ይዛነፋል። እነዚህ በረራዎች የሚከናወኑት አብራሪው መሬቱን እያየ ስለሆነ የጣርማበር ዓይነት ጉም ከወረደ አይመጣም። ሁለት ቀን የሚበልጥ ስንቅ ያልነው ለዚህ ነው፤ የዓለም አቀፍ በረራ ቲኬታችሁንም ለማግስቱ አትቁረጡ። በሳተላይት መልእክት መላኪያ ጠዋት የምትጽፉት አጭር ይሁን፦ ከሐይቁ ማዶ ያለው ኮረብታ ይታያል ወይ፣ ደመናው ኮረብታውን እስከ የት ሸፍኖታል፣ ነፋሱ ከየት ነው፣ ማዕበሉ ነጭ አረፋ አለው ወይ። ቦርሳችሁን አሥራችሁ ዳር ላይ አስቀምጡ፣ ብርቱካንማ ሸራም ዘርጉ። ድንኳኑን ግን የሞተር ድምፅ ሳትሰሙ አታፍርሱ።