መግሉ ሳይወጣ መድኃኒት መቀየር

ታካሚው ከኩታበር ወደ ደሴ የመጣ የ22 ዓመት ወጣት ነው። ሆስፒታል የደረሰው ሆዱን ባመመው በአራተኛው ቀን ነበር። ሕመሙ እምብርቱ ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታች ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን «ለቀቅ አደረገኝ» አለና ቤተሰቡም ተመስገን አለ፤ በማግስቱ ግን መላ ሆዱ እንደ እንጨት ደረቀ። ያ ለቀቅ ማለት ብዙ ጊዜ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ሰዓት ነው። ሆዱ ሲከፈት መግሉ እስከ ዳሌ ጉድጓድ ወርዶ ተገኘ። ትርፍ አንጀቱ ወጣ፣ መግሉ ተመጠጠ፣ ሆዱ ታጥቦ ተዘጋ።

የታዘዘለት ሁለት አንቲባዮቲክ፣ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ እና ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ነው፤ ሁለቱም በደም ሥር። አገራችን ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው ይህ ጥንድ ነው። ሴፍትሪያክሶን ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያና መሰሎቹን ይይዛል፤ ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ያለ ኦክስጅን የሚባዙትን የአንጀት ባክቴሪያዎች። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ኢንቴሮኮከስና ሱዶሞናስ የተባሉትን ባክቴሪያዎች ግን ሁለቱም መድኃኒቶች አይነኩም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሐኪሞቹ ታካሚዎችን በሚያዩበት ዙር ላይ፣ ትኩሳቱ 38.7፣ የልብ ምቱ 112፣ ነጭ የደም ሴሉ 17,000 ሆኖ ተገኘ። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) ቻርቱን ገልጦ «ባክቴሪያው ሴፍትሪያክሶኑን ለምዶታል፤ ወደ ሜሮፔነም እንቀይር» አለ፤ ሜሮፔነም ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚይዝ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ነው። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ሴፍትሪያክሶንን የለመደ ባክቴሪያ በሆስፒታሎቻችን እንግዳ አይደለም። ክሊኒካል ፋርማሲስቷ ግን ሁለት ነገር ጠየቀች፦ «የታዘዘው ሁሉ ገብቶለታል ወይ? መግሉስ አልቆ ወጥቷል ወይ?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የመድኃኒት መስጫው ወረቀት ነው። ሴፍትሪያክሶኑ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ተፈርሞበታል። ሜትሮኒዳዞሉ ጠዋት 12፣ ቀን 8 እና ማታ 4 ሰዓት ነበር የታዘዘው፤ ካለፉት አራት ሌሊቶች የሦስቱ የ4 ሰዓት ሳጥን ባዶ ነው። ነገሩ ሲጣራ በደም ሥር የሚሰጠው የሜትሮኒዳዞል ከረጢት ከሆስፒታሉ ፋርማሲ በማለቁ ለአስታማሚው «ከውጭ ግዙ» ተብሎ ወረቀት ተሰጥቷል። ከገጠር የመጣ አባት፣ በክረምቱ ብርድ፣ በማያውቀው ከተማ በዚያ ሰዓት ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ ፒያሳ ድረስ ወርዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። የሜትሮኒዳዞል መጠን በደም ውስጥ በየ8 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የማታ 4ቱ ሲዘለል ከቀን 8 እስከ ማግስቱ ጠዋት 12 ድረስ 16 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ የቀረው ሩብ ያህል ነው።

የሚያናድደው ደግሞ መፍትሔው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ልጁ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሻይና አጥሚት ይጠጣል፣ ጋዝም ወጥቶለታል። ሜትሮኒዳዞል በአፍ ሲወሰድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ደም ውስጥ ይገባል፤ አንጀቱ መሥራት ለጀመረ ሰው ባለ 250 ሚሊ ግራሙ ኪኒን ሁለት ፍሬ በየ8 ሰዓቱ ከከረጢቱ እኩል ነው። ለሚያስመልሰው ወይም ሆዱ ለተነፋ ታካሚ አይሆንም። ለዚህ ልጅ ግን ይሆን ነበር።

ወረቀቱ ላይ የማይታይ ሌላ ነገርም አልጋው ጎን ተገኘ። በአንዱ ካኑላ ሪንገር ላክቴት የተባለው ፈሳሽ እየወረደ ሳለ ሴፍትሪያክሶኑ በዚያው መስመር ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ሪንገር ካልሲየም አለው፤ ሴፍትሪያክሶን ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ሪንገሩ ይዘጋል፣ መስመሩ በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) ይታጠባል፣ በ10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ የተበጠበጠው 1 ግራም ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይሰጣል፣ እንደገና ይታጠባል፣ ከዚያ ሪንገሩ ይከፈታል። ሲስተሯ ይህን ታውቃለች፤ አንድ ነርስ ሃያ አልጋ ሲይዝ ግን የሚዘለለው እንዲህ ያለው እርምጃ ነው።

ይሁንና የተዘለለው የሌሊት መጠን ብቻውን ይህን ትኩሳት አያመጣም። ዋናው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

አስታማሚው አባት ከዙሩ ኋላ ቆመው «ትናንትና ዛሬ ንፍጥ የመሰለ ትንሽ ትንሽ ነገር እያስቀመጠው ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል» አሉ። ይህ ቻርቱ ላይ «የአንቲባዮቲክ ተቅማጥ» ተብሎ ታልፏል። አንቲባዮቲክ ተቅማጥ ማምጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከፈነዳ ትርፍ አንጀት በኋላ ትኩሳት ያለው ሰው ንፍጥ እያስቀመጠ ማማጥ ከጀመረው፣ ዳሌው ውስጥ የተጠራቀመ መግል ፊንጢጣውን እየቆጠቆጠው ሊሆን ይችላል። በጣት ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። ሲኒየሩ ሐኪም ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣ በኩል መረመረው፤ ከፊት በኩል ልስልስ ያለ፣ ሲነካ የሚያም እብጠት አገኘ። ፊኛው በሽንት ሞልቶ እያለ የተነሣው አልትራሳውንድ 7 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈሳሽ አሳየ።

እንዲህ ያለ የመግል ከረጢት ውስጥ የትኛውም መድኃኒት እንደሚገባው አይገባም፤ ግድግዳው እንጂ መሐሉ የደም ሥር የለውም። ውስጡ አሲድ ነው፣ ኦክስጅንም የለም። ጀንታማይሲንን ብንወስድ ባክቴሪያው ውስጥ ለመግባት ኦክስጅን የግድ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ላብራቶሪ ላይ «ይሠራል» የተባለው እዚያ ውስጥ የሚለግመው። ሜሮፔነም ጠንካራ ቢሆንም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ቢሰጥ ኖሮ ትኩሳቱ ለአንድ ሁለት ቀን ዝቅ ብሎ ሁሉንም ሰው ያዘናጋ ነበር።

እብጠቱ በፊንጢጣ በኩል ስለሚነካ ሆዱ እንደገና አልተከፈተም። በኬታሚን ማደንዘዣ ተኝቶ፣ መጀመሪያ ፊኛው በካቴተር ባዶ ተደረገ፤ ይህ ከተዘለለ መርፌው ፊኛ ሊወጋ ይችላል። በጣት እየተመራ ረጅም መርፌ እብጠቱ በረገበበት ቦታ ገባ፤ መግል መምጣቱ ሲረጋገጥ በዚያው ቦታ በመቆንጠጫ ተከፈተ። መርፌው መግል ሳያመጣ መክፈት ክልክል ነው፤ ያበጠው አንጀት ሊሆን ይችላል። ከ120 ሚሊ ሊትር በላይ ወጣ።

ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚለየው ምርመራ) የተላከው በስሪንጅ የተቀዳው መግል ነው። የጥጥ ዘንግ ትንሽ ይይዛል፣ ቶሎ ይደርቃል። ከቆየ ፈሳሽ ማውጫ (ድሬን) ቱቦ የሚወሰድ ናሙና ደግሞ ቱቦው ላይ የሰፈረውን እንጂ ሆድ ውስጥ ያለውን አይናገርም፤ በዚያ ውጤት ስንት ሰው አላስፈላጊ መድኃኒት እንደወሰደ ቤት ይቁጠረው።

ሜሮፔነሙ አልተጻፈም። ያው ጥንድ ቀጠለ፣ ሜትሮኒዳዞሉ ወደ ኪኒን ተቀየረ። ትኩሳቱ በ36 ሰዓት ውስጥ ወረደ። በሦስተኛው ቀን የመጣው ካልቸር ኢ. ኮላይ ነበር፤ አምፒሲሊንና ኮትሪሞክሳዞል አይነኩትም፣ ሴፍትሪያክሶን ግን ይገድለዋል።

ይህ ማለት ሜሮፔነም አይታዘዝ ማለት አይደለም። ልጁ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን የሳተ ቢሆን ኖሮ ካልቸር ሳይጠበቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፋ ያለ መድኃኒት ይጀመርለታል፤ ያኔም ቢሆን ጎን ለጎን መግሉ ይፈለጋል። ከሌላ ሆስፒታል ለሳምንት አንቲባዮቲክ ሲወስድ ቆይቶ የተላከ ታካሚም እንደዚሁ በሌላ ዓይን ይታያል።

የቀረው የቀን ቆጠራ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ በአሜሪካና ካናዳ 518 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የኢንፌክሽኑ ምንጭ በአግባቡ ከተወገደ በኋላ አንቲባዮቲክ 4 ቀን ገደማ የወሰዱትንና ትኩሳታቸው ጠፍቶ ሁለት ቀን እስኪሞላ (8 ቀን ገደማ) የቀጠሉትን አነጻጸረ። የቁስል ማመርቀዝ፣ የሆድ ኢንፌክሽን ማገርሸት ወይም ሞት የደረሰባቸው 4 ቀን ከወሰዱት 21.8፣ 8 ቀን ገደማ ከወሰዱት 22.3 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ቁልፉ «ምንጩ ከተወገደ» የሚለው ነው። ስለዚህ ቀኑ የሚቆጠረው ከገባበት ወይም መድኃኒቱ ከተጀመረበት ሳይሆን መግሉ ከወጣበት ነው፤ ለዚህ ልጅም አምስቱ ቀን ተሰርዞ ከአንድ ተጀመረ። አራቱ ቀን አልፎ ትኩሳቱ ካልጠፋ ደግሞ ሌላ ሳምንት ማዘዝ ሳይሆን እንደገና መፈለግ ይሻላል፦ ከጉበት በላይ፣ በአንጀቶች መሐል፣ ከቁስሉ ሥር፣ ወይም በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሆድ ውስጥ የቀረ የትርፍ አንጀት ጠጠር።

መግሉ በወጣ በአምስተኛው ቀን ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ አባትየው የመውጫውን ወረቀት አገላብጠው አዩና «ዶክተር፣ ያለ ኪኒን ነው እንዴ የምትሸኙን?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ መድኃኒቱን ጨርሷል» አለ ሬዚደንቱ። «ትኩሳት ከመጣ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ወይም ያ ንፍጥ ከተመለሰ ግን ፋርማሲ ሳትሄዱ ቀጥታ ወደዚህ ይምጡ። ሴፍትሪያክሶን ከውጭ አስወግታችሁ እንዳትቆዩ።»