አዲስ የተጠመቀ ቢራ ፍለጋ

ዛሬ ከሥራ በኋላ እዚሁ ከተማ ውስጥ በአነስተኛ ጠማቂዎች የተጠመቀ አዲስ ቢራ ፍለጋ ሦስት መጠጥ ቤቶችን አዳረስኩ። በሁለቱ በርሜሉ መቼ እንደተሞላ የሚያውቅ አልነበረም፤ በአንደኛውማ ቢራው ቅቤ ቅቤ ይላል። በአግባቡ ያልታጠበ የድራፍት መስመር (ቢራውን ከበርሜሉ ወደ መቅጃው የሚያደርሰው ቱቦ) እንዲህ ያደርጋል፤ ቢያንስ በየ2 ሳምንቱ መታጠብ አለበት!

ሦስተኛው ቤት ግን አንጀቴን አራሰው። አስተናጋጇ በርሜሉ የተሞላበትን ቀን ነገረችኝ፤ ሳልጠይቃት በትንሽ ብርጭቆ አስቀመሰችኝ። ለቢራ መዓዛ የሚሰጠው ሆፕ የተባለው አበባ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፤ ሙቀትና አየር ያባርሩታል። ይህኛው ገና ብርጭቆውን ሳነሣ አወደኝ። (ጥቁርና ጠንካራ ቢራ ቢቆይም ሊያምርበት ይችላል፤ ሆፕ የበዛበት ግን ጊዜ አይሰጥም።) ስጨርስ አረፋው በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀለበት ቀለበት ሠርቶ ቀርቶ ነበር፤ የንጹሕ ብርጭቆ ምልክት። ነገ ጓደኞቼን ይዤ እመለሳለሁ።